በዶላር የገዛሁት የተሰነጠቀ መሬት

ወንድሜ ከቨርጂኒያ በካርዱ ከፍሎልኝ አንድ የውጭ ዜና አፕ ሦስት ወር ተጠቀምኩ። ስሙን ልተወው፣ ሌሎቹም ከሱ ብዙ አይለዩም። ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ፈጣን ነው፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ እንኳ ጽሑፉ ይከፍታል፣ ማስታወቂያ የለውም። የኳስ ዘገባው ደግሞ ምርጥ ነው።

ችግሩ «ኢትዮጵያ» ብለህ ስትፈልግ ነው። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ግቢያችን ጭቃ ሆኖ እናቴ በሩ ላይ ጆንያ ዘርግታለች፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ስለ ቡና ዋጋ የተጻፈ ዜና ከፈትኩ። ፎቶው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተሰነጠቀ መሬትና አጥንቱ የወጣ ከብት። የቡና ዜና እኮ ነው! ለእናቴ ባሳያት «ውይ፣ ይሄ ደግሞ የት አገር ነው?» አለችኝ። እዚሁ ነው አልኳት። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩላቸው፤ በአራተኛው ቀን ፎቶው ካላቸው ክምችት የተመረጠ ነው ብለው መለሱ። ክምችታቸው ውስጥ ምን እንዳለ ያኔ ገባኝ። ኖቲፊኬሽኑም ያው ነው፣ ጦርነት ወይም ድርቅ ካልሆነ አይጮህም። ሩጫ ስናሸንፍ ዝም።

ረሃብ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ጥቅምት 1977 ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው እውነት ነበር፤ እንደውም ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ደግሶ ገና ከማዕዱ ሳይነሳ ነው ዓለም ጉዱን ያየው፣ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ከዚያ ወዲህ 40 ዓመት አልፏል። ያን ሰሞን እንግሊዞቹ ለእርዳታ ባወጡት ዘፈን ደግሞ እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብለው ጠየቁ። ክርስትናን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለን አገር! ያው፣ የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ይሆናል።

አፑ የቆዩ ዜናዎችም አሉት። መጋቢት 1 ቀን 2011 የወደቀውን፣ 157 ሰው ያለቀበትን የኢቲ 302 አውሮፕላን ፈለግኩ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች የሚያነሱት የረዳት አብራሪውን የበረራ ሰዓት ማነስ ነው። ዋና አብራሪው ከ8,000 ሰዓት በላይ መብረሩ ታች፣ ማንም በማያነበው አንቀጽ ውስጥ ተሸጉጧል። ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀ አምስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። በኋላ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቀው ሶፍትዌር ጉድ ሲወጣ ሌላ ጽሑፍ ጻፉ እንጂ የድሮው ላይ አንዲት መስመር አልጨመሩም። እስካሁን እንዳለ ተቀምጧል። እኔን ከፎቶው ይልቅ ያናደደኝ ይሄኛው ነው።

ትናንት ወንድሜ ደውሎ «ላድስልህ?» አለኝ። የኳሱን ብቻ ነጥለው የሚሸጡ ከሆነ አድስልኝ አልኩት።