የአሮጌዋን የሣር ማጨጃ ትራክተሬን ቺንጋ ለቀየረልኝ መካኒክ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው ቺንጋዋን (የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈውን የጎማ ቀበቶ) ቀይሮ የግቢ ትራክተሬን ከመጣል ያዳነልኝን ወጣት መካኒክ በአደባባይ ለማመስገን ነው። እንደ እኔ አሮጌ ማሽን ይዞ የሚጨነቅ ካለም እሱን እንዲያገኘው እፈልጋለሁ።

ትራክተሯ ሣር ታጭዳለች፤ ትንሽ ጋሪ ከኋላዋ አስሬም አፈርና ቅጠል አመላልስባታለሁ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ዳገት ላይ እምቢ ማለት ጀመረች። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየጮኸ ጎማው አይዞርም። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ጋሪው ሲጫን ግን የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። መጀመሪያ ያየልኝ ባለሙያ አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ «ካምቢዮው አልቋል፤ ወይ ሙሉውን ቀይር፣ ወይ ሽጣት» ብሎኝ ሄደ። በዚህ ዕድሜዋ ላለች ማሽን ካምቢዮ መቀየር ብዙ ጊዜ ከራሷ ዋጋ በላይ ስለሚጠይቅ፣ እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ይህ ልጅ ግን መሣሪያውን ሳያወጣ በፊት ጥያቄ ጀመረ። «ጋሼ፣ የምትደክመው ገና ስትነሳ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ፔዳሉን ሲለቁት ወዲያው ትነሳለች ወይስ ትዘገያለች?» መልሴን ሰምቶ በባትሪ መብራት ሥሯን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሲወጣ ጣቱ ላይ ጥቁር ዱቄት ይዞ ነበር። «ይሄ የቺንጋ ዱቄት ነው። ካምቢዮውን ለመጠርጠር ገና ነው» አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በእንዲህ ያሉ ትራክተሮች የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ወዳለው ካምቢዮ የሚያደርሰው አንድ ረጅም ቺንጋ ነው። ከሞተሩ ሥር ካለው ፑሊ (ቺንጋው ከሚጠመጠምበት ተሽከርካሪ ክብ) ተነስቶ በመሀል ባሉ ትናንሽ ፑሊዎች ላይ ታጥፎ ያልፋል። ከእነዚህ አንዷ በሞላ (በስፕሪንግ) የምትሳብ ክንድ ላይ ስለተቀመጠች ቺንጋውን ወጥራ ትይዘዋለች። ፔዳሉ ሲረገጥ ክንዷ ትሸሻለች፣ ቺንጋው ይላላል፣ ማሽኗም ትቆማለች። ስለዚህ ቺንጋው ሲያረጅ ወይም ሞላዋ በደንብ ሳትወጥር ስትቀር የሚታየው ምልክት ካምቢዮ ከሞተበት ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል። መጀመሪያ የመጣው ሰው የዘለለው ይህን ነው።

መፍታት ሲጀምር መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ነቀለ፤ የባትሪውንም ኔጋቲቭ ለየ። ቀጥሎ የማጨጃውን ክፍል ከነራሱ ቺንጋ አወረደው፤ እሱ ሳይነሳ የመንጃው ቺንጋ አይደረስበትም። ከዚያ አሮጌውን ቺንጋ ከማውጣቱ በፊት በየትኛው ፑሊ በየት በኩል እንደሚያልፍ ወረቀት ላይ ሣለው፣ ፎቶም አነሳው። አንድ ቦታ ላይ ከመያዣ ሽቦው ውጭ ካለፈ ወይም ከተጣመመ፣ ሥራው ሁሉ እንደገና እንደሚፈታ ነገረኝ።

አሮጌውን ቺንጋ እጄ ላይ ሰጥቶ ጎን ጎኑን እንድዳስስ አደረገኝ። እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኗል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ይህ ቺንጋ የሚይዘው በሁለቱ ጎኖቹ ነው። ጎኖቹ ተበልተው ሲቀጥን ወደ ፑሊው ቦይ ወለል ይወርድና እዚያ ይንሸራተታል። የጎማ ሽታውም፣ ዳገት ላይ እምቢ ማለቷም ከዚሁ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አዲሱን አስገብቶ ሒሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ እከፍለው ነበር። እሱ ግን ቺንጋው ለምን እንዲህ እንደተበላ ሳያውቅ አዲስ አላስገባም አለ። እያንዳንዱን ፑሊ በእጁ አሽከረከረው። ሌሎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ዞሩ፤ ክንዱ ላይ ያለችው ግን ታጉረመርማለች፣ ስትነካም ወዲያ ወዲህ ትላለች። በውስጧ ሆኖ በቀላሉ እንድትዞር የሚያደርጋት ኩሺኔታ አልቋል። ክንዱ የሚዞርበት ቦታም በዝገት ስለተያዘ ሞላው እንደ ልቡ ሊስበው አልቻለም። ፑሊዋን ቀየረ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፣ ግሪስ ቀባ፣ ክንዱም በነፃነት ወጥቶ ሲመለስ አሳየኝ። የሌሎቹን ፑሊዎች ቦይም አንድ በአንድ አጸዳ። የማመሰግነው በተለይ ለዚህ ነው። እነዚህ ሳይነኩ አዲስ ቺንጋ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በአጭር ጊዜ ተበልቶ ያው ችግር ይመለስ ነበር።

ቺንጋ አመራረጡንም ልንገራችሁ። ተቀራራቢ ርዝመት ያለው የመኪና ቺንጋ በቀላሉ ይገኝ ነበር፤ አልተቀበለውም። የዚህች ማሽን ቺንጋ ፔዳሉ በተረገጠና በተለቀቀ ቁጥር ላልቶ እየተንሸራተተ መልሶ የሚይዝ ስለሆነ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ውጩ በጨርቅ የተሸፈነና ውስጡ ጠንካራ ክር ያለው ያስፈልገዋል። አሮጌውን ለክቶ መግዛትም አያስተማምንም፤ ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ይቀጥናልም። ከወንበሩ ሥር ካለው ሳህን የሞዴል ቁጥሯን አንብቦ በዚያው ትክክለኛውን አስመጣ።

ከገጠመ በኋላ ወዲያው አላስረከበኝም። ሞተሩን አስነስቶ፣ ፔዳሉ ተረግጦ እያለ ማሽኗ በራሷ እንዳትሳብ አየ። በዝግታ ለቀቀ፣ እንደገና ረገጠ፤ ወደፊትም ወደኋላም ሞከራት። በመጨረሻ ጋሪውን አፈር አስጭኖኝ ያንኑ ዳገት ራሴ እንድነዳት አደረገኝ። ያለምንም ሽታ ወጣች። ጥቂት ሰዓት ከሠራች በኋላ ተመልሶ መወጠሩን እንደሚያይ ነገረኝ፤ ሳልደውልለትም መጥቶ አየልኝ።

አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ሥራው ቀስ ያለ ነው። ዛሬውኑ ይለቅልኝ ለሚል ሰው አይሆንም። የጀመረው ሥራ ካለም ሌላ ደርቦ አይቀበልም፤ ተራ መጠበቅ አለ። የተፈቱትን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ ያስረክባል፤ የትኛው ለምን እንደተቀየረ ያስረዳል፤ ያልተበላሸ ነገር ቀይሩ አይልም። ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ከወንበሩ ሥር ያለውን የሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።