አፉ ቁልቁል የሆነው የአያቴ ቡና ማፍያ

አያቴ ዐርፋ ዕቃዋን ስንከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ ማንም ያልፈለገው ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከጓዳው መደርደሪያ ጥግ የተገኘ የአሉሚኒየም ዕቃ። ከሩቅ ሲያዩት ማንቆርቆሪያ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን የሚቀዳበት አፉ መሬት መሬት ያያል። እጀታው ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እናቴ "ሲሠሩት ተሳስተው ይሆናል" አለች። ልዋጭ እያለች የምትዞረው ሴትዮ በምትኩ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ልትሰጠኝ ነበር። ሳፋው ትልቅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጅሎ ነበር።

እንግዲህ ስድስት ወር ተጠቀምኩበት። እንደማንኛውም የወጥ ቤት ዕቃ ልገምግመው። ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ግማሿን ያስቀነሰው አጎቴ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ምን እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ፈታታሁት። ሁለት ጣሳ፣ አንድ ክዳን፣ መሀል ላይ ደግሞ በወንፊት የተከደነ ቀጭን ጣሳ ወጣ። ከሥሩ "አሉሚኒዮ" የሚል ጽሑፍ አለው፤ ሌላው ተፍቆ ጠፍቷል። ሁለቱን ትልልቅ ጣሳዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ በስልኬ መብራት ውስጣቸውን አየሁ። አፍ የሌለው ነጭ ቅርፊት ይዟል። የድሬ ሰው ይህን ቅርፊት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ውሃችን ማንቆርቆሪያውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አፍ ያለው ግን ቡናማ ነው፣ ነጭ የሚባል ነገር አልነካውም። ስለዚህ በአንዱ ውሃ ይፈላል፣ በሌላው ቡና ይጠራቀማል። እዚህ ድረስ ደረስኩ። ግን ውሃው ከታች ወደ ላይ በምን ይወጣል? ሞካ የሚባለው የጣሊያን ማፍያ መሀሉ ላይ ቧንቧ አለው፤ እንፋሎቱ ውሃውን እየገፋ ያወጣዋል። ይሄ ቧንቧ የለውም።

መልሱን ያገኘሁት ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ ከጨረሱ ጎረቤታችን ነው። ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። "አቦ፣ ይሄማ ይገለበጣል!" ብለው በባዶ እጃቸው አየር ላይ ገለበጡት። "አያትሽ ጣሊያኖቹ ቤት ስትሠራ የሰጧት ነው። ናፖሊታና ነው የሚሉት።"

ለካ ነው። የጣሊያኗ የናፖሊ ከተማ ሰዎች ኩኩሜላም ይሉታል። ሐሳቡ ግን ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ሞሪዝ የሚባል የፓሪስ ቆርቆሮ ሠሪ ነው እ.ኤ.አ. በ1819 ያወጣው። ጣሊያኖች ወደዱት፣ የራሳቸው አደረጉት፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1933 ሞካ መጣና ከየቤቱ ገፋው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አፍ በሌለው ጣሳ ውሃ ትሞያለሽ። ቡናውን መሀለኛው ላይ አድርገሽ ወንፊቱን ትከድኛለሽ። አፍ ያለውን ከላይ ትደፊበታለሽ፤ አፉ ቁልቁል የሚያየው ለዚህ ነው። ከታችኛው ጣሳ ጠርዝ ዝቅ ብላ የምስማር ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ውሃው ሲፈላ በእሷ እንፋሎትና ጠብታ ይወጣል። ያኔ እሳቱን አጥፍተሽ፣ ሁለቱን እጀታ ግጥም አድርገሽ ይዘሽ፣ አንዴ ትገለብጪዋለሽ። ውሃው በራሱ ክብደት በቡናው ውስጥ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ። አያቴ በሕይወት እያለች "ይሄ ዕቃ ያፈሳል" ብሎ ያቺን ቀዳዳ በሁለት ቱቦ በሚደባለቅ ማጣበቂያ ደፍኗታል። እኔ መች አወቅሁ! የመጀመሪያ ቀን ጠብታዋን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ውሃው በመገጣጠሚያው ገንፍሎ ምድጃዬን አጥለቀለቀው። ማጣበቂያ የነካው ቡና መጠጣትም አላሰኘኝም። አንድ ብረት ሠራተኛ ጋ ወስጄ አስፋቅኩትና ቀዳዳዋን በቀጭን መሰርሰሪያ አስከፈትኩ። መቶ ብር።

ቡናው? ከጀበና ቀለል ይላል፣ ከሞካ ለስለስ ይላል። አተላው በጣም ትንሽ ነው። ለማኪያቶ ማሽን የሚፈጨውን ዱቄት ሞክሬ ነበር፤ ወንፊቱን ደፍኖት ሃያ ደቂቃ አስጠበቀኝ። በሙቀጫ ሸካራ ተደርጎ የተወቀጠው ነው የተስማማው። በዚህ እንኳ አያቴ ጣሊያኖቹን ሳትበልጣቸው አትቀርም።

ጉድለቱ ብዙ ነው። መገልበጡ ያስፈራል፤ አንዴ እጄን አቃጥሎኛል። ቡናው እስኪወርድ ይበርዳል። ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ አይሠራም። የእኔው ከአራት ሲኒ አይዘልም፣ እሱም ሳይሞላ። ትልቁ ቅሬታዬ ግን ቶና የሚባል ነገር አለማወቁ ነው። አቦሉን ከጠጣሽ አለቀ፤ ጎረቤት ከመጣ ፈትተሽ፣ አጥበሽ እንደገና ነው። እንግዳ ያለ ቀን ጀበናዬን ነው የማነሳው። ይሄ ጠዋት ለብቻዬ ነው።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ የጠቆረ አሉሚኒየም በብረት ሽቦ አትፈትጉ። ነጩን ቅርፊት ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ አፍልቼበት ነው ያስለቀቅኩት። ጎረቤታችን ያሳዩኝ አንድ ነገርም አለ። ልክ እንደገለበጣችሁት አፉ ላይ በትንሽ የታጠፈ ንጹሕ ወረቀት ሾጠጥ ያለች ቆብ አልብሱት፤ መዓዛው አይወጣም። እኔ አላመንኩም ነበር፤ አሁን ያለ ቆቧ አላፈላም።

ባለፈው እሑድ አጎቴ መጣ። ማፍያው ምድጃ ላይ ነው። ቀዳዳዋ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረች። አጎንብሶ ትንሽ አያትና "ማጣበቂያው ለቀቀ ማለት ነው" አለኝ፤ "ቆይ፣ ነገ ይዤ እመጣለሁ።"