መብራት ያለው መስታወት፦ ስምንት ወር፣ ሰባት ሠርግ

ስለ መስታወት ይህን ያህል የምጽፍ ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገሩ የተጀመረው በግንቦት 2016 ዓ.ም.፣ በአጎቴ ልጅ ሠርግ ቀን ነው። ደሴ ያለው መኝታ ክፍሌ ያን ጊዜ በቢጫ አምፖል ነበር የሚበራው። በዚያ ብርሃን ፋውንዴሽን (የፊትን ቀለም የሚያስተካክለውን ቅባት) ተቀባሁ፣ ፓውደር ደረብኩበት፣ ራሴን አይቼ ረክቼ ወጣሁ። ድንኳኑ በር ላይ አክስቴ አገጬን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችኝና «ምነው ልጄ፣ ዱቄት ስትነፊ ቆይተሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። ፎቶው ሲደርሰኝ እንዳላጋነነች አየሁ። ፊቴ አመድማ፣ አንገቴ ጠይም፣ ከአገጬ ሥር ደግሞ የወረዳ ወሰን የመሰለ መስመር።

መስታወቱን የገዛሁት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው፤ ፒያሳ ካለ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ፣ በ1,200 ብር። ካርቶኑ ላይ በቻይና መሠራቱ እንጂ የረባ ስም የለውም። ክብ ነው፤ ዙሪያውን በትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ተከቧል። በጣት ሲነኩት ብርሃኑ ከቢጫ ወደ መካከለኛ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይለወጣል፤ ጣትን ሳያነሱ ሲቆዩ ደግሞ ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል። በስልክ ገመድ ቻርጅ ይደረጋል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የሚለጠፍ ትንሽ መስታወትም አብሮት ይመጣል። ስለ እርሱ ኋላ እመለስበታለሁ፤ በደግ ግን አይደለም።

ቢጫው አምፖል እንዴት እንዳታለለኝ የገባኝ ነጩን መብራት ካበራሁ በኋላ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይቢጫል፣ ሲጨምር ይነጣል። የድሮው ዓይነት አምፖል ብርሃን 2,700 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ 5,500 ይጠጋል። ቢጫ ብርሃን ሰማያዊው ስለሚጎድለው ሁሉን ነገር ወርቃማ ያደርጋል፤ አመድማውን ፋውንዴሽን ጭምር። ሠርግ የሚበላው ግን የቀን ብርሃን በነጭ ሸራ ውስጥ በሚገባበት ድንኳን ነው፤ እዚያ ምንም የሚደበቅ የለም። በነጩ መብራት ሳየው የኔ ፋውንዴሽን ከቆዳዬ የፈካ ብቻ ሳይሆን ወደ ሮዝ የሚያደላ ነበር። ሱቅ ስንገባ እጃችን ሁልጊዜ ወደ ፈካው ይሄዳል፤ ጠይም ፊት ላይ ሮዝ ሲቀመጥ ደግሞ አመድ ይሆናል። አሁን ከመግዛቴ በፊት መንጋጋዬ ላይ ትንሽ አስነክቼ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዱ ሲደርቅ ይጠቁራልና። በመጨረሻ የያዝኩት ከበፊቱ አንድ ደረጃ የጠቆረና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። አንገቴና ፊቴ ታርቀዋል።

2017 ዓ.ም. ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና የተመቸ ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ቤተሰብ ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ፣ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ከጥምቀት ማግስት እስከ የካቲት አጋማሽ ባለችው ጠባብ ጊዜ ተሽቀዳደመ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አራት ሠርግ ተጠራሁ፤ ሦስቱ ከፋሲካ በኋላ መጡ። በጥር ቅዳሜ የውበት ሳሎን ወንበር የሙሽራና የሚዜ ነው። ተጋባዥ ከሆንሽ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትሰለፊያለሽ፣ ወይም እንደ እኔ ራስሽ ትኳኳያለሽ።

መስታወቱ ዋጋውን ያወጣው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርዱ አገሩ ይለወጣል። በደሴ የጥር ብርድ የደረቀ ቆዳ ላይ የደራረብኩት ሜካፕ ከዚህ በፊት ኮምቦልቻ ሲደርስ አፍንጫዬ ዙሪያ ተሰነጣጥቆ ግንባሬ ላይ ይቀልጥ ነበር። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ የፊት ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ብቻ ተቀብቼ፣ መስታወቱን በፎጣ ጠቅልዬ ወረድኩ። የዘመዶቻችን ቤት ስንደርስ መብራት የለም። በአንዲት መስታወት ዙሪያ ስድስት ሴቶች ተኮለኮልን፤ ያን ቀን ባትሪው ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ፋውንዴሽን በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ በስሱ፣ ፓውደር ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ። ላብ ሲመጣ መጀመሪያ በሶፍት መጠቅጠቅ እንጂ በላዩ ፓውደር መጨመር አይሆንም፤ ሊጥ ይሆናል።

መስታወቱ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ነጭ ነጠላ ላይ የታተመ ፋውንዴሽን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ቀሚሱን መጀመሪያ ለብሼ፣ ትከሻዬን በአሮጌ ሻሽ ሸፍኜ ነው የምኳኳለው፤ ነጠላው መጨረሻ ይመጣል። ኒካህ ላይ ሻሽ ስለምጠመጥም ጨርቁ የሚነካውን የመንጋጋ ጠርዝ ባዶውን እተወዋለሁ። የዕጣኑ ጢስ፣ የጓሮው የማገዶ ጢስ፣ ሙሽራ ስትሸኝ የሚፈሰው እንባ ሲጨመር ውኃ የማይበግረው ማስካራ ግድ ነው። የገበያውን ኩል ትቻለሁ። ጋሌና ከሚባለው ማዕድን የሚሠራው ኩል እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ እርሳስ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም መርዝ ነው። አያቴ ግን «እኛ በእሱ አርጅተን የለም እንዴ?» ብላ አኩርፋለች።

ፎቶም ሌላ ጉድ ነው። አንዳንድ ነጭ ፓውደር በመስታወት አይታይም፤ የካሜራ ብልጭታ ሲያርፍበት ግን ፊትን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ከቤት ሳልወጣ በስልኬ ብልጭታ አንድ ፎቶ አነሳለሁ።

አሁን ወደ አጉሊዋ። አሥር እጥፍ ጎልቶ የሚታይ ቅንድብ ቅንድብ አይደለም፤ የግራር ደን ነው። በመጀመሪያው ወር እየለቀምኩ እየለቀምኩ የግራ ቅንድቤን ግማሽ አደረስኩት፤ እስኪበቅል ሁለት ሠርግ በቅንድብ መሳያ ተሥሎ አለፈ። ከዚያ ርቀት የሚያየኝ ሰው የለም፤ ካለም ጉዳዩ ሌላ ነው። በአራተኛው ወር ወደ ሐይቅ ስንሄድ ከቦርሳዬ ወድቃ ተሰበረች። አላዘንኩም።

ዋናው ዕቃም ሳይጎዳ አልቀረም። በአምስተኛው ወር ማጠፊያው ላልቶ አንገቱን መድፋት ጀመረ፤ አሁን በታጠፈ ካርቶን ደግፌዋለሁ። የመንኪያ ቁልፉ በቅባት ለተለቀለቀ ጣት አይታዘዝም፤ መብራት ለመለወጥ ሁልጊዜ ትንሿን ጣቴን ንጹሕ አድርጌ እይዛለሁ። ባትሪው ዛሬ ከሃምሳ ደቂቃ አይዘልቅም፤ ቅያሪ እንዳይገባለት ተደርጎ ስለታሸገ መላ የለውም። ነጩ ብርሃንም እስከ መጨረሻ ከደመቀ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ቀይ ሊፕስቲክ ወይን ጠጅ ይመስላል። ግማሹ ላይ አድርጌው በመጨረሻ በመስኮት ብርሃን አረጋግጣለሁ። ማታ ሆቴል ውስጥ ለሆነ ግብዣ ደግሞ ቢጫው ይሻላል።

መኝታ ቤታችሁ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት ሰፊ መስኮት ካለው ብራችሁን አታውጡ። የኔ መስኮት የሚያየው የጦሳን ተራራ ነው፤ ጉም ሲወርድ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ብርሃን የሚባል አይገባም፤ ሠርገኛ ደግሞ ያን ጊዜ ተነሥቶ ሄዷል። እንደገና ብገዛ ማጠፊያው በብሎን የሚጠብቅ፣ ባትሪው የሚቀየር እመርጣለሁ፤ አጉሊዋን በነጻ ቢጨምሩልኝም እዚያው ሱቁ እተዋታለሁ።

ለጊዜው መስታወቱ ቤቴ የለም። አክስቴ መነጽር አላደርግም ብላ፣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትዋሰኛለች። ባለፈው ልወስደው ብሄድ «ሠርግ ሲኖር ነይ» አለችኝ።