ፋስኮለርን በኤርብራሽ ሞከርኩት
የልጄን የሪሞት መኪና ቦዲ የቀባሁት ፋስኮለር በሚባለው፣ መሠረቱ ውሃ በሆነው ቀለም ነው። በጣም ወድጄዋለሁ። እንደ ቆርቆሮ ስፕሬይ ቤቱን አያከረፋውም፤ ቀለሙን በአየር ግፊት የሚረጨው ትንሽ መርጫ፣ ኤርብራሹም ቶሎ ይጸዳል። (ማስክ ግን አድርጉ፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል።)

የቦዲው ፕላስቲክ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ስለሆነ የሚቀባው ከውስጥ በኩል ነው። ከውጭ የሚታየው መጀመሪያ የተረጨው ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ቀዩ፣ በመጨረሻ ነጩ። ጥቁሩን ከቀዩ ኋላ ብትረጩት ቀዩን ያጠይመዋል።

ትዕግስት ይፈልጋል። መጀመሪያ ወፈር አድርጌ ስረጨው ከጎማው በላይ እንደ እንባ ወረደ። አጥቤ እንደገና ጀመርኩ። አሁን እንደ ጤዛ ስስ አድርጌ እረጫለሁ፣ በፀጉር ማድረቂያ አሞቀዋለሁ፣ እደግማለሁ። ቦዲውን አስቀድማችሁ በሳሙና ካላጠባችሁት ቀለሙ አይይዝም።

መጨረሻ ላይ ቦዲው ላይ ከውጭ የተለጠፈውን መከላከያ ላስቲክ ስልጠው ቀዩ ቦግ አለ።