ግሊሰሪን፣ ቫዝሊን ወይስ ሎሽን? ለበጋ የሚደርቅ ቆዳ የቱ ይገዛ?

ጥቅምት ሲገባ አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይጀምራል። ጠዋት ታጥባችሁ ስትወጡ ደህና የነበረው ክንዳችሁ፣ ረፋድ ላይ በጥፍር ጫር ስታደርጉት ነጭ መስመር ያወጣል። ከዚያ ሱቅ ገብቶ ያገኙትን ቅባት ማንሳት ነው። ግን ሦስቱ አንድ ሥራ አይሠሩም፤ ብዙ ሰው ገዝቶ «አልተስማማኝም» የሚለውም ለዚህ ነው።

የቆዳችን የላይኛው ገጽ የሞቱ ሕዋሳት ንብርብር ነው። በመሀላቸው ቆዳው ራሱ የሚሠራው ቅባት አለ፣ ልክ በብሎኬት መሀል እንዳለ ሲሚንቶ። የሰውነታችን ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ የሚይዘው እሱ ነው። የሚያቃጥል ውሃና ጠንካራ ሳሙና ያንን ቅባት አጥበው ሲወስዱት፣ የበጋው ደረቅ አየር ውሃውን ይመጠዋል። ስለዚህ ቆዳው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ውሃ የሚስብለትና የተሳበውን የሚከድንለት።

ግሊሰሪን የሚስበው ነው። ዋጋው ደህና ነው፣ ትንሿ ጠርሙስም ብዙ ትቆያለች። ችግሩ አየሩ እርጥበት ከሌለው ከቆዳችሁ ከሥር መሳብ ይጀምራል። ሳይበረዝ በደረቅ ቆዳ ላይ የቀባ ሰው «ጭራሽ አደረቀኝ» ቢል እውነቱን ነው። አንድ እጅ ግሊሰሪን በሦስት ወይም በአራት እጅ ንጹሕ ውሃ በርዙት፣ ለጥቂት ቀን የሚሆን ብቻ፣ ከዚያ ገላችሁ ሳይደርቅ ተቀቡት። ሎሚ የምትጨምሩበት ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክቱም ወራት ይቆያል።

ቫዝሊን ክዳን ነው። በራሱ ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን ግን እንደ እሱ የሚይዝ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ የሚታወቅ ከነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ቅባት ነው፤ ሽቶ የሌለውን ከመረጣችሁ ቆዳቸው ቶሎ ለሚቆጣ ሰዎችም አይከብድም። አተር የምታክል ቆንጥራችሁ በመዳፋችሁ አሙቋትና እርጥብ ክንድ ላይ አዳርሷት፣ ለአንድ ክንድ በቂ ናት። ለፊት፣ በተለይ ቡግር ለሚያወጣ ፊት፣ እኔ አልመርጠውም።

ሎሽን ሁለቱንም በመጠኑ ይሠራል፣ ቀላል ነው፣ ልብስ አያበላሽም፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ኪስም ይጎዳል። ስትገዙ ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። ግሊሰሪን ከመጀመሪያዎቹ ስሞች መሀል ካለ ጥሩ ነው፣ መጨረሻ ላይ ከተጻፈ ግን የምትከፍሉት ለሽቶው ነው። «ያቀላል» ወይም «ያነጣል» የሚለውን አትንኩ። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለባቸው፤ ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል፣ ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል። እህቶቻችን በዚህ ሲጎዱ ማየት ያመኛል።

እና የቱን? አዲስ አበባና ሌላም ደጋ ላይ ከሆናችሁና ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ ቫዝሊን። ለሁለት ከበቃ የተበረዘ ግሊሰሪን ከሥር፣ ቫዝሊን ከላይ፤ ከብዙ ውድ ሎሽን ይሻላል። ዱባይ ወይም ጅዳ ላላችሁ ወበቁ ስላለ ቀለል ያለ ሎሽን ይበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ሥር ካልዋላችሁ በቀር። ለፊት ሽቶ የሌለው ሎሽን።

ለተረከዝ ደግሞ ሌላ ነው። የእናቴ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ማታ ማታ አንሶላው ይይዝባት ነበር። ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ፣ ግሊሰሪን፣ ቫዝሊን፣ ከዚያ የጥጥ ካልሲ አድርጎ መተኛት። በሁለት ሳምንት አንሶላው መያዙን ተወ። ካልሆነላችሁ ፋርማሲ ዩሪያ (ደረቅ ቆዳ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር) ያለበት ክሬም ጠይቁ። ስኳር ያለበት ሰው ግን እግሩን አይዘፍዝፍ፣ ስንጥቅ ካየም ቀድሞ ለሐኪም ያሳይ። ሕመሙ ሳይሰማው ሊመረቅዝበት ይችላል።