እየመጣ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ብልሽት፦ ሶማሌ ተራ አካባቢ ያገኘሁት ጥገና ቤት

ቶዮታ ኮሮላዬ ባለፈው ክረምት አመል አወጣች። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አንዳንድ ቀን «ጠቅ» ከሚል ድምፅ በቀር ምላሽ አትሰጥም፤ ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ስወጣ ደግሞ መንገዱ ባንገጫገጫት ቁጥር የባትሪው ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ጋራዥ ስትደርስ ግን ምንም እንዳልሆነች ሆና ትነሳለች። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ የተመዘገበ ስህተት ቢያጣ በግምት ባትሪ አስቀየረኝ፤ ባትሪው አልፈይድ ሲል ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አስቀየረኝ።

ሶማሌ ተራ አካባቢ ያሉት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ (ስማቸውን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኩ ትቼዋለሁ) ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ጠየቁኝ፦ ሲብስባት ብርድ ነው ወይስ ሙቀት? «ጠቅ» ስትል የፊት መብራቱ ይደበዝዛል ወይስ እንዳለ ይቆያል? ከዚያም አስነስተው ካዩዋት በኋላ «ልጄ፣ ዛሬ አላመማትም፤ ትተሃት ሂድና ነገ በጠዋቱ ብርድ እናያታለን» አሉኝ። ዕቃ ሊሸጥልኝ ያልቸኮለ ሰው ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪውን ሲለኩት 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ 14.2 ቮልት አነበበ፤ ስለዚህ ባትሪውም ዲናሞውም ጤነኞች ነበሩ ማለት ነው። ቀጥለው የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አሳርፈው ረዳታቸው ቁልፉን እንዲያዞር አዘዙ። በመካከል የሚባክነውን ቮልት የሚያሳየውና ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም ያሉት ንባብ 0.1 ላይ ረጋ። ሁለተኛ ሲሞክሩ ረዳቱ ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ገመድ በእንጨት ነቀነቀው፤ ቁጥሩ ከ5 በላይ ዘለለ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ገመዱ ሲላጥ ከላስቲኩ ሥር ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝገት በልቶት ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተውት ነበር።

ኮምፒውተሩ ይህን ሊያገኘው የማይችለው የሚመዘግበው የሚከታተላቸውን መስመሮች ብልሽት ብቻ ስለሆነና በዚያ ገመድ ላይ ምንም ጠባቂ ስለሌለው ነው። የገመዱን ተቃውሞ በኦም መለካትም አያዋጣም፤ አንድ መቶኛ ኦም ለተራ መለኪያ ከዜሮ የማይለይ ቢሆንም፣ ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲስብበት ግን 1.5 ቮልት ይበላል። የባትሪው ምልክት ይበራ የነበረውም የዲናሞው ኃይል በዚያው ገመድ ስለሚመለስ ነው፤ ያ ምልክት ደህናውን ዲናሞ ሲያስወቅሰው ከርሟል።

አዲሱ ገመድ ከእጅ ዋጋው ጋር ተደምሮ በከንቱ ከቀየርኩት ባትሪ እጅግ ያነሰ ነበር፤ አሮጌውንም ከነዝገቱ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ቅሬታዬ መኪናዋ ሁለት ቀን መቆየቷና ምን እንደተሠራ በጽሑፍ አለመሰጠቱ ነው፤ መቀመጫም የለም። ግቢው ከሁለት መኪና በላይ ስለማይዝ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል፤ ስትሄዱም ብልሽቱ በየትኛው ሰዓትና በምን ሁኔታ እንደታየ ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።