የአባዬ ላንድሮቨር ዋይፐር፣ ዘንድሮ ሀገር ቤት ስሄድ ያሠራሁበት ቦታ

ሐምሌን አዲስ አበባ ነበርኩ። አባዬ ያቺን ላንድሮቨሩን አሁንም ይነዳታል፣ የ1962 ናት በፈረንጅ፣ የዝናብ መጥረጊያዋ ሞተር ግን ከሞተ ቆይቷል፣ ሰውዬው በክረምት እጁን በመስኮት አውጥቶ መስታወቱን በጨርቅ እየጠረገ ነው የሚሄደው። እኔም ከሜሪላንድ ባለ 12 ቮልት አዲስ የዋይፐር ሞተር ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ኤርፖርት አገላብጠው አይተው አሳለፉኝ፣ እዛ ላይ ቅሬታ የለኝም።

መጀመሪያ የወሰድናት ሰፈራችን ያለ ዋይፋይም ማኪያቶም ያለው ጋራዥ ነው፣ ስሙ ይቅር። ልጁ ትሁት ነው፣ "ብራዘር አታስብ፣ ለማታ ትደርሳለች" አለኝ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የዛን ጊዜ የእንግሊዝ መኪኖች አብዛኞቹ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው፣ ቦዲው ላይ የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው፣ የዛሬ መኪና ደግሞ ኔጋቲቭ። እኔ ያመጣሁት ሞተር የውጭ ቆርቆሮው ራሱ ኔጋቲቭ ነው። ልጁ ለሞተሩ መላ ከመፈለግ ባትሪውን ገልብጦ አሰረላችሁ! የባትሪ ፖዘቲቭ ጫፍ ከኔጋቲቩ ወፈር ይላል አይደል፣ ማሰሪያው አልገባ ሲለው በመዶሻ አስገባው፣ እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። ዋይፐሩ ሠራ፣ ተጨበጨበ። መኪናዋ ስትነሳ ግን ዲናሞው ባትሪውን በድሮው አቅጣጫ ነው የሚሞላው፣ ሙሊቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ውስጥ ያሉት መገናኛዎች ተቃጥለው ተጣበቁ፣ ጭሱ ማኪያቶ የሚጠጡትን ሁሉ አስነሳ። "እርጅና ነው" ብለውን 6 ሺህ ብር ተቀበሉ።

ሬጉሌተር ፍለጋ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን፣ ከሶስተኛው ሱቅ ያገለገለ አገኘን፣ ባለሱቁ ነው ወደ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን የላከን። ጋሼ ገና ፒንሳ ሳያነሱ የባትሪውን ገመድ በጣታቸው እየተከተሉ ቦዲው ጋ ደረሱና "ልጄ፣ ማነው ይቺን የገለበጣት?" አሉኝ። ሁለት መንገድ አለ አሉን፣ አንዱ መኪናዋን በሙሉ ኔጋቲቭ ማድረግ ነው፣ ዲናሞውን በባትሪ ነካ አድርጎ አቅጣጫውን መቀየር፣ የአምፔር መለኪያውንና ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን የኮይሉን ገመዶች መገልበጥ። አባዬ "እንደተሠራች ትኑር" ብሎ እምቢ አለ። ሁለተኛው ሞተሩን ከቦዲው መለየት ነው፣ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው ከስሩ አነጠፉለት፣ ቡሎኖቹን በፕላስቲክ ቱቦ አለበሷቸው፣ ከዛ ባትሪውን ወደ ድሮ አቅጣጫው መልሰው በመፈተሻ አምፖል ቆርቆሮውን ቢነኩት ጭል አላለም፣ ከቦዲው ተለይቷል ማለት ነው። ቦዲው ላይ የሞተሩን ፖዘቲቭ ገመድ አሰሩ፣ ከማብሪያው የሚመጣው ኔጋቲቭ በፊውዝ አልፎ ወደ ቆርቆሮው ገባ። ዋይፐሩ ሲበራ ያ ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ስላለው ብረት እንዳይነካው ብለው ሶስቴ ነገሩኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ 1800 ብር፣ ሻዩን እሳቸው ጋበዙን።

አንድ የቀረ ነገር፣ ሲጠፋ መጥረጊያውን በራሱ ወደ ታች የሚመልሰውን ገመድ በፕላስተር ጠቅልለው ተዉት፣ እንደዚህ ሲታሰር አይሠራም። ስለዚህ መጥረጊያው ታች ሲደርስ ጠብቀህ ነው የምታጠፋው። በማግስቱ በእንጦጦ አድርገን ሱሉልታ ስንወርድ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ፣ አባዬ ጨርቁን ከጉልበቱ አላወረደም፣ ዝናቡ ሲያባራ ማብሪያውን አምስቴ ሞክሮ አምስቴም መሀል መስታወት ላይ አቆመው።